ከሰው ስልክ ላይ ሎግ ስትሰበስብ

ልጄ፣ ሰርቨሩ ደህና ነው ማለት አፑ ደህና ነው ማለት አይደለም። ይህን ቀድሜ የምነግርህ ወደ ሥራው የሚገባ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚታለለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ሰርቨሩ ገጹን ሰጥቷል፣ በሎጉም ላይ 200 ብሎ ጽፏል፤ የእሱ ሥራ አልቋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ጃቫስክሪፕቱ ወርዶ፣ ተነቦ፣ ፎርሙ ተከፍቶ ሰው እስኪከፍል ድረስ፣ የሚሆነው አንተ በማታውቀው ስልክ ላይ ነው። ስልኩ ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ ሚሞሪው የሞላ፣ ብሮውዘሩም ከተጫነ ጀምሮ አፕዴት ያላየ። ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጦ የቀረ ደንበኛ በሰርቨርህ ሎግ ላይ የተሳካ ጥያቄ ሆኖ ነው የሚቆጠረው። ኮዱ ውስጥ የበተንካቸው ኮንሶል ሎጎችም የሚጻፉት እዚያው የሰውየው ስልክ ውስጥ ነው፤ እሱ ከፍቶ አያነባቸው፣ አንተ አትደርስባቸው።

ስለዚህ ከደንበኛው ብሮውዘር ሎግና የፍጥነት መለኪያ መሰብሰብ አለብህ ወይ በሚለው አልከራከርህም። የምመክርህ ስለ አሰባሰቡና ስለ አነባበቡ ነው። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዝልኝ፦ የሚደርስህ መረጃ መላክ ከቻሉት ሰዎች ብቻ የመጣ ነው። ከሁሉ የባሰበት ሰው ምንም አይልክም። ይህን ካልረሳህ የቀረው ቴክኒክ ነው፤ ይለመዳል።

ወጣቶች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የቱን ቱል ልጠቀም?» ብለው ነው። ሴንትሪ ይሁን፣ ግራፋና ፋሮ ይሁን፣ ራስህ የጻፍከው ጥቂት መስመር ኮድም ይሁን፣ ለጅማሬ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ለውጥ የሚያመጣው ጥያቄህ ነው። «ትናንት ከለቀቅነው ሪሊዝ ወዲህ የክፍያው ገጽ ላይ የተሰበረ ነገር አለ?» የሚለው ጥያቄ ነው። «ሁሉንም እንመዝግብ፣ አንድ ቀን ይጠቅማል» ግን ጥያቄ አይደለም። እንዲያ ያሉ ድርጅቶች ለማከማቻ ሲከፍሉ ከርመው፣ ችግር በመጣ ቀን የሚፈልጓት አንዲት መስመር ብቻ ሳትመዘገብ ቀርታ ያገኟታል።

ከስህተቶች ጀምር። ብሮውዘሩ ሁለት በር ይሰጥሃል። ማንም ሳይይዘው ያመለጠ ስህተት በዊንዶው ኦንኤረር በኩል ይመጣል፤ የከሸፈና የሚጠይቀው ያጣ ፕሮሚስ ደግሞ አንሃንድልድ ሪጀክሽን በሚባለው ክስተት በኩል። ሁለቱንም አድምጥ። አንደኛውን ብቻ የሚያደምጥ ኮድ ዛሬም አያለሁ፤ የዘመኑ ኮድ አብዛኛው በፕሮሚስ ስለሚሠራ ትልቁ ክፍል ባልተጠበቀው በር ያልፋል። ማዳመጫው ከሌላው ስክሪፕት ሁሉ በፊት፣ ገጹ አናት ላይ ይቀመጥ። አፑ ውስጥ ከተህበት አፑ ራሱ ሳይነሣ ቢቀር ማን ይናገራል?

ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ስክሪፕት ኤረር» የሚል፣ ፋይልም መስመርም የሌለው መልእክት ይጎርፍልሃል። ብልሽት አይምሰልህ። ስክሪፕቱ ከሌላ ዶሜይን፣ ለምሳሌ ከሲዲኤን፣ ሲመጣ ብሮውዘሩ ለደኅንነት ሲል ዝርዝሩን ሆን ብሎ ይደብቀዋል። መፍትሔው በስክሪፕት ታጉ ላይ ክሮስኦሪጂን የሚለውን መጨመርና ሲዲኤኑም የኮርስ ፈቃድ ሄደር እንዲልክ ማድረግ ነው። ሁለቱ አብረው ይሂዱ፤ ታጉን ብቻ ቀይረህ ሄደሩን ከረሳህ ብሮውዘሩ ስክሪፕቱን ጭራሽ አልጭንም ይልሃል።

ቀጥሎ የምታየው ስህተት ዝርዝር ይኖረዋል፣ ግን አይነበብም። ወደ ፕሮዳክሽን የሚሄደው ኮድ የተጨመቀ ስለሆነ «መስመር 1፣ ዓምድ 48213» የሚል አድራሻ ይደርስሃል። ይህን ወደ ጻፍከው ኮድ የሚመልሰው ሶርስ ማፕ ነው። ለእያንዳንዱ ሪሊዝ የራሱን ሶርስ ማፕ አስቀምጥ፤ ለሕዝብ በተከፈተው ሰርቨር ላይ ሳይሆን የስህተት መሰብሰቢያው በሚያገኝበት ቦታ። ለዚህም ሲባል እያንዳንዱ ሎግ የሪሊዙን ቁጥር ይዞ ይምጣ። ከአንድ ሎግ አንድ መረጃ ብቻ አስቀር ብትለኝ የማስቀረው ይህን ቁጥር ነው። «ስህተቱ ከ10 ሰዓቱ ሪሊዝ ጀመረ» ማለት ከቻልክ ፍለጋው በግማሽ ቀለለልህ።

ከሪሊዝ ጋር የሚመጣ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ሰው ጠዋት ገጹን ከፍቶ ታቡን ሳይዘጋ ትቶታል፤ አንተ ቀን ላይ አዲስ ሪሊዝ ለቅቀህ የድሮዎቹን ፋይሎች አጥፍተሃል፤ እሱ ማታ ተመልሶ ሌላ ክፍል ሲነካ አፑ የጠፋውን ፋይል ይጠይቃል። ቸንክ ሎድ ኤረር የሚሉት ይህ ነው። አንተ ጋ አይታይም፤ አንተ ገጹን በየደቂቃው ሪፍሬሽ ታደርጋለህና። የድሮዎቹን ፋይሎች ለጥቂት ጊዜ አቆያቸው።

ጫጫታው ደግሞ ብዙ ነው። ሰው ብሮውዘሩ ላይ የጫነው ኤክስቴንሽን የሚፈጥረው ስህተት አንተ ደጃፍ ይወድቃል። ሪሳይዝ ኦብዘርቨር ሉፕ የሚል ማስጠንቀቂያ በሺህ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አይጎዳም። አጣራቸው፣ ነገር ግን ስንት እንዳጣራህ ቁጠር፤ ማጣሪያው ቀን ቆጥሮ እውነተኛውን ስህተት መዋጥ ይጀምራልና። ስትቆጥር ደግሞ የስህተቱን ብዛት ሳይሆን የተነኩትን ሰዎች ብዛት ቁጠር። ሉፕ ውስጥ የገባ አንድ ስልክ ብቻውን አሥር ሺህ መልእክት ሊልክ ይችላል፤ ዳሽቦርዱ ቀልቶ አገር የተቃጠለ ያስመስላል። በሌላ በኩል ሠላሳ ሰው እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ የገጠማቸው ስህተት ዝርዝሩ ታች ተኝቶ ይኖራል፤ ሠላሳውም ሊከፍሉ መጥተው የሄዱ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ዓይነት ስህተት ከአንድ ስልክ ከተወሰነ ቁጥር በላይ እንዳይላክ እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ገድበው። «ሎግ መላክ ከሸፈ» የሚል ሎግ የሚልክ ኮድም እንዳትጽፍ፤ መጨረሻውን መገመት አያቅትህም።

ስለ መላኪያው ጊዜ። «ሰውየው ገጹን ሲዘጋ እልካለሁ» ብለህ አንሎድ የሚባለው ክስተት ላይ ኮድህን ትሰቅላለህ፣ በላፕቶፕህ ትሞክረዋለህ፣ ይሠራል። በስልክ ግን ሰው ገጽ አይዘጋም። ወደ ቴሌግራም ይሻገራል፣ ይደወልለታል፣ ስክሪኑን አጥፍቶ ኪሱ ይከተዋል። ስልኩ ሚሞሪ ሲያጥረው ብሮውዘሩን ድምፅ ሳያሰማ ይገድለዋል፤ አንሎድ ሳይጠራ ይቀራል። ይባስ ብሎ፣ በአንዳንድ ብሮውዘሮች ላይ አንሎድን ማድመጥ በራሱ ብሮውዘሩ ገጹን በሚሞሪ ይዞ ሰው ወደ ኋላ ሲመለስ ወዲያው እንዳያሳየው እንቅፋት ይሆናል። ፍጥነት ልለካ ብለህ ገጹን ታዘገያለህ ማለት ነው። ልትተማመንበት የምትችለው የመጨረሻ ምልክት ገጹ ከዓይን ሲሰወር የሚመጣው ቪዚቢሊቲ ቼንጅ ነው። ያኔ የያዝከውን በሰንድቢከን ላከው፤ ብሮውዘሩ መልእክቱን ከተረከበህ ገጹ ቢዘጋም ከጀርባ ሆኖ ለመላክ ይሞክራል። ጭነቱ ግን ይነስ። ገደቡ 64 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ካለፈ አልቀበልም ብሎ ይመልስልሃል፣ መልሱን ካላየህ መረጃው ጠፋ።

ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜ የተፈጠረ ስህተት እዚያው ስልኩ ላይ ይቆይ፤ ግን ልክ ይኑረው፣ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይውጣ። ኔትወርኩ ሲመለስ የሚሆነውንም አስቀድመህ አስብ። አንድ ከተማ ሙሉ ተቋርጦ ሲመለስ ሁሉም ስልክ ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ቢልክ የሎግ ሰርቨርህ በገዛ ደንበኞችህ ይወድቃል። እያንዳንዱ ስልክ በዕጣ የደረሰውን ያህል ሰከንድ ጠብቆ ይላክ።

ሰዓት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እኛ አገር ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያደናግራልና። ደንበኛዋ ደውላ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ክፍያው እምቢ አለኝ» ትላለች። ስልኳ ላይ ያኔ የነበረው 9:00 ነው። ሎግህ በዩቲሲ ከተጻፈ 06:00 ይላል። አንድ ቅጽበት፣ ሦስት ቁጥር። ስልክ የምታነሣው ልጅ «3 ሰዓት» ብላ ስትጽፍልህ 03:00 ላይ ሄደህ ብትፈልግ ባዶ ነው፤ «በተባለው ሰዓት ምንም ስህተት የለም» ብለህ ትመልሳለህ፤ እውነት የተናገረችው ሴትዮ ዋሾ ትሆናለች። ሎጉ ሁልጊዜ በዩቲሲ ይጻፍ። ድጋፍ ሰጪዎቹ የሚያዩት ገጽ ላይ ግን ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ እያለ በአገሩ አነጋገር ይታይ። ብሮውዘሩ የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ከጠየቅኸው ያውቃል፤ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ግን ራስህ ነህ የምታሰላው።

የደንበኛው ስልክ ሰዓት ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ጻፍ፤ ስልኩ የሚለውንና ሰርቨርህ መልእክቱን የተቀበለበትን። ቆይታን ስትለካ ደግሞ የመጨረሻውን የቀን ሰዓት ከመጀመሪያው አትቀንስ። መሃል ላይ ስልኩ ሰዓቱን ከኔትወርክ ካስተካከለ «ገጹ በኔጌቲቭ 40 ሰከንድ ተጫነ» የሚል ውጤት ታገኛለህ። ለዚህ የተሠራው ፐርፎርማንስ ናው ነው፤ ወደ ኋላ አይሄድም። ከሚሊሰከንድ በታች ያለውን ለመቁጠር አትድከም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ድክመት ይፋ ከሆነ በኋላ ብሮውዘሮች ሰዓታቸውን ሆን ብለው አደብዝዘውታል።

የፍጥነት መለኪያዎቹን ጉግል በ2020 ዌብ ቫይታልስ ብሎ ሰብስቧቸዋል። ኤልሲፒ የገጹ ትልቁ ሥዕል ወይም ጽሑፍ እስኪታይ ያለውን ጊዜ ይለካል፤ እስከ 2.5 ሰከንድ ጥሩ፣ ከ4 በላይ መጥፎ ነው። ሲኤልኤስ ገጹ ሰው እያነበበው ምን ያህል እንደሚዘል ይለካል፤ እስከ 0.1 ጥሩ ነው። ዘግይቶ የተጫነ ማስታወቂያ ሁሉን ወደ ታች ገፍቶ፣ «ሰርዝ» ሊል የነበረ ጣት «ክፈል» ላይ ሲያርፍ ቁጥሩ ምን ለማለት እንደፈለገ ይገባሃል። አይኤንፒ ደግሞ ሰው ነክቶ ስክሪኑ ላይ ለውጥ እስኪያይ ያለውን ጊዜ ይይዛል፤ በማርች 12 ቀን 2024 ኤፍአይዲ የሚባለውን ተክቶ ገባ፤ እስከ 200 ሚሊሰከንድ ጥሩ፣ ከ500 በላይ መጥፎ።

ለአገራችን አፖች እኔ የማስቀድመው አይኤንፒን ነው። ርካሽ ስልክ ላይ ጃቫስክሪፕቱ ፕሮሰሰሩን ሲይዘው ሰው «ክፈል» ይላል፣ ምንም አይሆንም፣ ደግሞ ይነካል። ሰርቨሩ ሁለት ጥያቄ ይደርሰዋል። ተደጋጋሚ ክፍያን የሚከላከል ሥራ ሰርቨሩ ላይ ካልሠራህ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። የፍጥነት ችግር ብለህ የመዘገብከው ነገር ሒሳብ ክፍል ጠብ ሆኖ ይደርሳል።

እነዚህ ደረጃዎች የሚነበቡት በ75ኛው ፐርሰንታይል ነው፤ ማለትም ከአራት ጉብኝት ሦስቱ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የተሻለ አግኝተዋል። አማካይ አይሠራም። አማካይ ለምን እንደሚያታልል ከምነግርህ ዩቲዩብ ውስጥ የሆነውን ልንገርህ።

ክሪስ ዛካሪያስ እዚያ በሚሠራበት ዘመን የቪዲዮ ማሳያው ገጽ እስከ 1.2 ሜጋባይት አብጦ ነበር። እሱ ከ100 ኪሎባይት በታች አወርደዋለሁ ብሎ ተነሣ፤ ፌዘር የተባለውን ገጽ 98 ኪሎባይት አደረሰው፤ ለጥቂት ተጠቃሚዎች ለቀቀና ቁጥሩን ጠበቀ። ቁጥሩ ሲመጣ አማካይ የመጫኛ ጊዜው ጨምሮ አገኘው። ገጹ ከአሥር እጅ በላይ ቀልሎ እንዴት ይዘገያል? ሰውየው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አንድ ባልደረባው መልሱን አገኘው፦ ጂኦግራፊ ነው። መረጃው በቦታ ሲከፋፈል ከደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአፍሪካ፣ ከሩቅ ሳይቤሪያ ሳይቀር የሚመጣው ሰው በብዙ ጨምሯል። በእነዚያ ቦታዎች አዲሱ ገጽ እንኳ ቪዲዮው እስኪጀምር ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር። አሮጌው ግን ከሃያ ደቂቃ በላይ ነበርና የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። እነዚያ ሰዎች በፊት መለኪያው ውስጥ የሉም፤ አሁን መጥተው ሁለት ሁለት ደቂቃቸውን አስመዘገቡ፣ አማካዩም ከፋ። ዛካሪያስ ይህን በ2012 ጽፎታል፤ ቁጥሩ በመጥፎ አቅጣጫ የሄደው ሥራው በመልካም ስለሄደ ነው።

የዩቲዩብ መሐንዲሶች ቁጥራቸው ውስጥ ያላዩዋቸው ሰዎች ውስጥ እኛም ነበርንበት። አሁን መለኪያው በአንተ እጅ ሲገባ ያንኑ በገዛ ወገንህ ላይ እንዳትደግመው ነው የምሰጋው። ቦሌ ፋይበር ላይ ተቀምጠህ የገጽ ፍጥነት መፈተኛውን ላይትሃውስ ብታስሮጥ 98 ነጥብ ያወጣልሃል። ላይትሃውስ ጥሩ ነው፣ ሰው ግን አይደለም።

እድር ላይ ስም ሲጠራ ማን እንደቀረ የሚታወቀው የአባላት መዝገብ ስላለ ነው። ሎግህ የመጣውን ብቻ ነው የሚጽፈው፤ መዝገቡን አንተ ልታበጅለት ይገባል። ሰርቨሩ ስንት ጊዜ ገጹን እንደሰጠ ቁጠር፤ ያንን አታጣም። ገጹ አናት ላይ ያለችው ትንሽ ስክሪፕት «ደረስኩ» ብላ አንድ መልእክት ትላክ። አፑ ተነሥቶ ሰው ሊነካው ሲችል «ተነሣሁ» የሚል ሌላ ይላክ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል የጠፉት ገጹ ሙሉ በሙሉ ያልደረሳቸው ናቸው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የጠፉት ደግሞ ጃቫስክሪፕቱ ሳይወርድላቸው የቀረ፣ ወርዶ የተሰበረባቸው፣ ወይም መጠበቅ ሰልችቷቸው የሄዱ ናቸው። ቦቶች የመጀመሪያውን ቁጥር ስለሚያሳብጡት ልዩነቱን እንዳለ አትመነው፤ ከሳምንት ሳምንት፣ ከሪሊዝ ሪሊዝ እንዴት እንደሚለወጥ ተመልከት። በክልል፣ በስልክ ዓይነት፣ በብሮውዘር ከፋፍለው። አንድ የስልክ ሞዴል ላይ «ደረስኩ» እያለ «ተነሣሁ» የማይል ሕዝብ ካገኘህ፣ የትኛውም የስህተት ሎግ የማይነግርህን አገኘህ።

በከፋፈልክ ቁጥር ስሞቹ እንዳያስቱህ። ክሮም የኔትወርኩን ዓይነት ስትጠይቀው «4ጂ» ብሎ ቢመልስ የፍጥነት ምድብ ነው የሚነግርህ እንጂ ስልኩ ከየትኛው አንቴና ጋር እንደተያያዘ አይደለም፤ ዋይፋይ ላይ ያለም «4ጂ» ይባላል። በሳፋሪ ደግሞ ይህ መረጃ ጭራሽ የለም። የአይፎን ተጠቃሚዎችህ ከሠንጠረዡ ስለጎደሉ ኔትወርካቸው ችግር የለበትም ማለት አይደለም።

አሁን ሳልቆጣ ወደማላልፈው ነገር ልግባ። ሎግ ሰው ሳያስበው ምስጢር የሚያፈስበት ቦታ ነው። ትዊተር በሜይ 2018 ተጠቃሚዎቹን፣ ያኔ 330 ሚሊዮን ነበሩ፣ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ ያላቸው ሰብሮ የገባ ሌባ ይዞ አልነበረም፤ የይለፍ ቃሎቹ ከመመስጠራቸው በፊት በራሱ የውስጥ ሎግ ላይ በግልጽ ይጻፉ ስለነበር ነው። በ2017 መጨረሻ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጎብኚውን እንቅስቃሴ እንደ ፊልም የሚቀዱ ስክሪፕቶችን መርምረው፣ የካርድ ዝርዝርና የጤና መረጃ ሳይቀር ወደ ሦስተኛ ወገን እንደሚፈስ አሳይተዋል። ሰው «ላክ» ሳይል፣ ገና እየጻፈ ሳለ ማለት ነው።

ማንም ዴቨሎፐር ተቀምጦ የይለፍ ቃል ልመዝግብ አይልም። የሚሆነው ሌላ ነው። ጥያቄ ሲከሽፍ «ለማጣራት ይረዳል» ተብሎ የተላከው ፎርም ሙሉውን ይመዘገባል። በገጹ አድራሻ ውስጥ የስልክ ቁጥር ወይም የይለፍ ቃል መቀየሪያ ቶከን አለ፣ አድራሻውም ከእያንዳንዱ ሎግ ጋር ይሄዳል። የስህተቱ መልእክት ራሱ «0911… የሚለው ቁጥር ትክክል አይደለም» ይላል። ስለዚህ የሚከለከለውን አትዘርዝር፤ ሁልጊዜ አንድ ትረሳለህ። የሚፈቀደውን ዘርዝር፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ብሮውዘሩ ውስጥ ሳለ ይውደቅ። አድራሻውን በቅርጹ ብቻ መዝግብ፤ የደንበኛው ገጽ መሆኑ ይበቃሃል፣ የየትኛው ደንበኛ መሆኑ አያስፈልግህም። በስም ፈንታ ለአንድ ጉብኝት ብቻ የሚቆይ በዕጣ የወጣ ቁጥር ተጠቀም። የአንድ ጊዜ ኮድ የሚገባበት ሣጥን አጠገብ ምንም መቅጃ አይድረስ።

በእኛም አገር ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ተቀምጦ ለእናቱ ገንዘብ የሚልክ ሰው አፕህን የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ከሜይ 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ጂዲፒአር ይመለከትሃል፤ በእሱ ዘንድ የአይፒ አድራሻም የግል መረጃ ሊሆን ይችላል። የሎግ ቱልህ ሰርቨር ያለው ውጭ አገር ከሆነ መረጃውን ከአገር እያስወጣህ መሆኑን እወቅ፣ ለአለቃህም ንገረው። ስንት ጊዜ እናቆየው ለሚለው የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ስህተቱን ለማግኘት የሚበቃህን ያህል። የዛሬ ዓመት የተሰበረ ገጽ ዝርዝር ሎግ ማን ያነባል?

ሌላም ዕዳ አለብህ። የምትልከው እያንዳንዱ ባይት ከሰውየው ፓኬጅ ነው የሚቆረጠው፤ እሱ አልጠየቀህም፣ አንተም አልከፈልከውም። ስለዚህ ስህተቶችን ሁሉ ውሰድ፣ የፍጥነት መለኪያን ግን በናሙና፤ ከአሥር ጉብኝት ከአንዱ ብትወስድ ብዙ ጎብኚ ላለው ገጽ በቂ ነው። ዕጣው ጉብኝቱ ሲጀምር አንድ ጊዜ ይውጣ፤ በየክስተቱ ካወጣኸው የአንድ ሰው ታሪክ ተቆራርጦ ይደርስሃል። የናሙናውን መጠን ከመረጃው ጋር አብረህ ጻፍ፤ አለዚያ ከወራት በኋላ ቁጥሩን በስንት እንደምታባዛ አታውቅም። የመሰብሰቢያው ስክሪፕት ክብደትም ከገጹ ክብደት ይቆጠራል። ገጹን ለማቅለል የተቀመጠ ቡድን ለመለኪያው ብቻ ከባድ ስክሪፕት ሲጭን ስታይ መሳቅ ትችላለህ። መከታተያ የሚያግድ ኤክስቴንሽን የጫነ ሰው ቢኖር ደግሞ ተወው። በስውር መንገድ ዞረህ ልድረስበት አትበል፤ አልፈልግም ብሎሃል።

አንድ ጠቃሚ ልማድ ላስለምድህ። ስህተት ሲፈጠር ለሰውየው አጭር ቁጥር አሳየው፤ ያው ቁጥር በብሮውዘሩም በሰርቨሩም ሎግ ላይ ይጻፍ። ከአሃዝ ብቻ ይሁን፣ አምስት ወይም ስድስት፤ የላቲን ፊደል በስልክ ሲነበብ ቢ እና ዲ ይምታታሉ። ሴትዮዋ ስትደውል «ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» በሚል ምርመራ ፈንታ «ቁጥሩን ያንብቡልኝ» ማለት ይበቃል። ከዚያ ቁጥር ተነሥተህ የነካችውን፣ የተጠየቀውን፣ ሰርቨሩ የመለሰውን በአንድ መስመር ታገኛለህ። ስልክ ከሚያነሡት ልጆች ጋርም በሳምንት አንዴ ቡና ጠጣ። ሎግህ ውስጥ የሌሉት ሰዎች ሲብስባቸው የሚደውሉት ለእነሱ ነው፤ «ገጹ አልከፈት አለኝ» የሚለው ቅሬታ ከየት አካባቢ እንደበዛ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።

ዳሽቦርድ ብዙ አትሥራ፤ የማይታይ ዳሽቦርድ ከሌለ አይሻልም። ጠዋት ስትገባ የምታየው አንድ ገጽ ይብቃህ፦ በስህተት የተነኩ ሰዎች፣ በሪሊዝ ተከፋፍለው፤ «ደረስኩ» እና «ተነሣሁ» ያሉት ልዩነት፤ የክፍያው ገጽ አይኤንፒ። ማንቂያ ደግሞ ሌሊት ከእንቅልፍ ለሚያስነሣህ ጉዳይ ብቻ ይሁን።

እና አዲስ ሪሊዝ ከለቀቅህ በኋላ የስህተቱ ቁጥር ድንገት ዜሮ ቢሆን ለቡድኑ እንኳን ደስ አላችሁ አትበል። ከሁሉ ርካሽ የሆነውን ስልክ ያዝ፣ ዋይፋዩን አጥፋ፣ ገጹን ክፈትና ሆን ብለህ አንድ ስህተት ፍጠር። ከዚያ ሎጉ ጋ ሄደህ መድረሱን አረጋግጥ።